በሞቴ፣ አንድ ብቻ

ልጅ ሆኜ የጠዋት ሥራዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነበር።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ አንድ ሲንጀር መኪናና አንድ አግዳሚ ወንበር የምትይዝ የልብስ ስፌት ቤት ነበረችው። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ጎራ እላለሁ። መኪናው ፊት ተቀምጦ ይጠብቀኛል። የክሩን ጫፍ በምራቄ አርሼ፣ አሹዬ፣ በመርፌዋ ቀዳዳ ሹልክ አደርገዋለሁ። «ተባረክ፣ ዓይኔ አንተ ነህ» ይልና ሃምሳ ሳንቲም ይሰጠኛል።

ዓይኑ የደከመ ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ገና የሠላሳ አንድና የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው እንደነበር ያሰላሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ዓይኑ ምንም አልሆነም። እጁ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ሦስት ሰዓት ገደማ «ሻይ ልጠጣ» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ እጁ ረግቷል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ በከተማው አቻ አልነበረውም። ደንበኞቹም ይህን ያውቁ ነበር። «ሱሪ ከሆነ ጠዋትም ስጠው፣ ኮት ከሆነ ግን ከሰዓት ነው» ይባላል። ይሳቃል። እኔም ስቄያለሁ። አስቡት፤ ሰፈሩ ሁሉ የአንድን ሰው በሽታ በሰዓት ለይቶ ያውቀዋል። በሽታ ነው ብሎ የጠራው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ጋሼ «ጠጪ» ነው። በቃ።

ደብረ ብርሃንን ለማታውቁ፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። አረቄዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሲደውል ስለ ጤናችን ጠይቆ ሳይጨርስ «ያችን ነገር በሰው ላኩልኝ» ይላል። ለምን ትጠጣላችሁ ብትሉን መልሳችን አንድ ነው፤ ብርዱ። ጠዋት የሚጠጣው እንኳን ስም አለው፣ ብርድ ማባረሪያ። በኋላ አንድ ሐኪም እንደነገረኝ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። የሆድ ዕቃችን ሙቀት ወደ ቆዳ ወጥቶ ይባክናል። ሞቀን የምንለው እየበረደን ሳለ ነው።

አረቄ ሲወጣ አይቼ ነው ያደግኩት። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት ነበረች፤ እትዬ ነው የምንላት። ጌሾውን ትወቅጣለች። ብቅሉን ታስፈጫለች። ቂጣውን ጋግራ ትፈረፍርና ድፍድፉን ትጠነስሳለች። ሲብላላ ማሰሮው እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በቱቦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አልፎ፣ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ጭሱ ዓይኗን አጥፍቶታል ማለት ይቻላል፤ ሌሊት ታስላለች። እንደገና የወጣው ዳግም ይባላል። ዳግም ከመቶ አርባና ከዚያም በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ጠላ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ውሃ በሉት። ጠርሙሱ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። የዛሬዋ መለኪያና የትናንቷ መለኪያ ኃይላቸው ይለያይ፣ አይለያይ ጠጪውም ሻጯም አያውቁም።

እትዬ አራቱንም ልጆቿን በዚያ አስተምራለች። አንዱ መሐንዲስ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ስንጽፍ አረቄ አውጪዎቹን የሰይጣን ደቀ መዝሙር ማድረግ ይቀናናል። እኔ አልችልም። የጋሼ ሚስት አንድ ቀን እግሯ ላይ ወድቃ «እባክሽ አትሽጪለት» ስትላት እዚያው ነበርኩ። እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጋሼ አልሸጠችም። እሱም አልተጣላትም። ሰላምታ ሰጥቷት፣ ሃያ እርምጃ ተራምዶ፣ ቀጥሎ ያለው ቤት ገባ።

ማታ ማታ እሱን የምትጠራው ልጁ ነበረች። ከእኔ ሁለት ዓመት ታንሳለች። ጨለማ ስለምትፈራ እኔ እሸኛታለሁ። አረቄ ቤቱ በር ላይ መጋረጃ አለ። መጋረጃውን ገልጣ ትቆማለች። ሰዎቹ መልካም ሰዎች ናቸው፤ «ነይ የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ መጣ፣ አንዲት ናት የቀረችው» ይሏታል። እፍኝ ቆሎ ይሰጧታል። ግድግዳ ተደግፋ ቆሎዋን እየቆረጠመች ትጠብቃለች። ያቺ አንዲት ግን አታልቅም። ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲቀርብ እጇን አትዘረጋም። «ጥርሴን ያመኛል» ትላለች።

ጋሼ ሚስቱን መትቶ አያውቅም። አይሳደብም። ሲሰክር ያለቅስ ነበር። ስለዚህ ዘመዱ ሁሉ «አረ እሱ ጥሩ ጠጪ ነው» ይል ነበር። ጥሩ ጠጪ! ቤቱ ውስጥ የጤፍ እንጀራ የሚገባው ለበዓል ነበር። ሚስቱ ጉልት ወጥታ ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ለሙሽራ ሱፍ የተሰጠውን ጨርቅ አስይዞ ጠጣበት። ሠርጉ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው የሙሽራው ወንድሞች መጡ። እናቴ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጣ ጨርቁን አስመለሰች። ጋሼ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ሱፉን ሰፍቶ አስረከበ። እንዴት ያለ ሱፍ እንደነበር! ሰው ስለ ሱፉ አውርቶ ስለ ጉትቻው ረሳ።

እዚህ ላይ ስለራሴ ካልተናገርኩ ግብዝ እሆናለሁ።

አረቄን በጋሼ ስላየሁት እጠላው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ 2000 ዓ.ም. ላይ፣ ጫት ግን ሱስ አልመሰለኝም። የጥናት መሣሪያ ነበር። የፈተና ሰሞን ተሰብስበን እንቅማለን። መጀመሪያ ወሬ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ ምርቃና። በምርቃና ስንት ድርጅት አቋቁመናል! ስንት ፎቅ ሠርተናል! ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኢትዮጵያን አበልጽገን ስንጨርስ ጠዋት የሚነሳ የለም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ካቲኖን ይባላል። የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ይደክማል። ጫት በኮባ ቅጠል የሚጠቀለለው፣ የጫት አይሱዙም መንገድ ላይ እንደዚያ የሚበረው ለዚህ ነው። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ያላት ያለ ምክንያት አይደለም። ያቺ መኪና ገና ጫቱ ሳይቃም ሰው ትገድላለች።

ችግሩ ምርቃናው ከገባ በኋላ መውጫው ነው። እንቅልፍ እምቢ ይላል። ልብ ይደልቃል። ስለዚህ ጨብሲ። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ፣ ቢራው አልሰማ ሲል ጂን። የነቃ ጭንቅላት ስካሩ አይሰማውም፤ ሁለት የሚበቃው ሰው ስድስት ይጠጣል። ጠዋት አንጎበር፣ ከሰዓት ሐራራ፣ ሐራራውን ለማስታገስ እንደገና ጫት። ሌሊት ደግሞ ዱካክ አለ፤ ተኝተህ አንድ ነገር ደረትህ ላይ ተቀምጦ ሲያንቅህ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ጋሼን «ሰካራም» እያልኩ በልቤ የምንቀው ልጅ፣ በየሁለት ቀኑ ተሸክመው ዶርም የሚያስገቡት እሱ ራሱ ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ አልተመረቁም። አንዱ ሰው ይከታተለኛል ማለት ጀመረ። ቤተሰቦቹ መጥተው ወሰዱት። እስከ ዛሬ እንደወሰዱት ነው።

እኔ እንዴት ወጣሁ? ጀግንነት አልነበረም። ሥራ ያገኘሁበት ከተማ ጫት በቀላሉ የሚገኝበት አልነበረም፤ ገንዘብም አልነበረኝም። ይኸው ነው። ይህን የምለው «እኔ ካቆምኩ ማንም ያቆማል» የሚሉ ሰዎች ስለሚያናድዱኝ ነው። መጠጡን ግን እንደያዝኩ ቀረሁ። በልክ ነበር የምጠጣው። ልኩን የምለካው ደግሞ ራሴ ነበርኩ።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

2009 ዓ.ም. የካቲት። የቅበላ እሑድ ጋሼ እስኪበቃው ጠጣ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ ፊት ቆሞ ማለ። «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ!» አለ። እልል አልን ማለት ይቻላል። ሰኞ እጁ ብቻ ሳይሆን መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ በላብ ሆነ። ምግብ አላረጋ አለው። «ይወጣለታል፣ መርዙ እየለቀቀው ነው» ተባባልን። ማክሰኞ ማንም ሳይጠራው «አቤት» ይል ጀመር። እናቴ ደነገጠች። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ጸበል ይዛው ሄደች። እዚያ ገና ሳይጠመቅ ወደቀ። አረፋ ደፈቀ። ጥርሱ ተቆላለፈ። የተሰበሰበው ሰው ጮኸ፤ «እየለቀቀው ነው! እየለቀቀው ነው!»

እኔ ረቡዕ ደረስኩ። ጸበሉ አጠገብ ባለች ጎጆ ውስጥ አስተኝተውታል። አላወቀኝም። ተቀምጦ ይሰፋል። መኪና የለም፣ ጨርቅ የለም፤ እሱ ግን ይሰፋል። እግሩ ወለሉን እንደ ሲንጀር መርገጫ ይረግጣል። በጣቶቹ ከጋቢው ላይ የሌለ ክር እየለቀመ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ በሌለች መርፌ ቀዳዳ ሊያስገባ ይታገላል። አልገባ ሲለው ያለቅሳል። ጋቢው ተጨምቆ ውሃ የሚወጣው እስኪመስል ረጥቧል። ያንን ሌሊት መርሳት አልቻልኩም።

ሕይወቱን ያተረፈችው ያቺ ቆሎ የምትቆረጥመው ልጅ ናት። ዲቪ ደርሷት ቨርጂኒያ ገብታለች፤ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ሆና ትሠራለች። በስልክ ምን እንደሚያደርግ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ጮኸችብኝ። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት! ባዶ እጁን አታስተኙት፣ ይሞታል! እዚህ እንዲህ ያለውን ሰው በመድኃኒት ነው ቀስ እያሉ የሚያስቆሙት!» እናቴ ልታምን አልቻለችም። መጠጥ መጠጣት ይገድላል እንጂ መጠጥ ማቆም እንዴት ይገድላል? ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነበር። ሲጠይቀን «ጠጥቶ ነው?» ብዬ እኔው ራሴ ቀደምኩት። «አይደለም» አለኝ። «እንዲህ ያደረገው አለመጠጣቱ ነው።»

ያስረዳኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። አልኮል ለአንጎል ፍሬን ነው። በየቀኑ ለሃያ ዓመት ፍሬን ሲያዝበት የኖረ አንጎል፣ እንዳይቆም ብሎ ነዳጁን ይረግጣል። የበለጠ ሲጠጣ የበለጠ ይረግጣል። እንዲህ ተመጣጥነው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ፍሬኑን በድንገት ከለቀቅከውስ? ነዳጁ እንደተረገጠ ነው። የጣርማ በርን ቁልቁለት ያለ ፍሬን እንደ መውረድ ነው። ጠጥተው ካቆሙ በኋላ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን መንዘፍዘፉ ይመጣል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው የሌለ ነገር ማየቱ። ካልታከመ ይገድላል። ማከሚያው ደግሞ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም። ዲያዜፓም፣ ግሉኮስ፣ ቫይታሚን ቢ ዋን። የረጋ ክትትል። ቫይታሚኑ ከግሉኮሱ ጋር ካልተሰጠ የማስታወስ ችሎታው ለዘለዓለም ሊጎዳ እንደሚችልም ነግሮኛል።

የጋሼ የጠዋት እጅ፣ እኔ ሃምሳ ሳንቲም የተቀበልኩበት እጅ፣ የዚሁ ነገር ታናሽ ወንድም ነበር። ሌሊቱን መጠጥ ሲያጣ አንጎሉ ነዳጁን እየረገጠ ያድር ነበር። በሦስት ሰዓት ያቺን «ሻይ» ሲቀምስ ይረጋል። እሾህን በእሾህ የምንለው ቀልድ ይህን ሲጠቁመን ኖሯል፤ አልሰማነውም።

ጸበሉን እየወቀስኩ አይደለም። ሐኪሙም አልወቀሰም። እናቴን «ጸበሉን ያምጡለት፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ» ነው ያላት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀ ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በአደባባይ አሳስበው ነበር። ለኤች አይ ቪ የገባን ነገር ለመጠጥ ያልገባን፣ መጠጥን በሽታ ሳይሆን ጠባይ ስላልነው ነው። ጠባይ ደግሞ በተግሣጽና በመሐላ ይታረማል እንጂ ዲያዜፓም ምን ሊያደርግለት!

ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የነበሩት አምስት ወራት ከጋሼ ጋር የኖርኳቸው እውነተኛ ወራት ይመስሉኛል። ወፍሮ ነበር። ጠዋት ጠዋት ይሠራ ነበር። ደንበኞቹ ግራ ገባቸው፤ «ከሰዓት እንመለስ?» ሲሉት «ምን ከሰዓት አለ፣ አሁን ለኩ» ይላል። ሚስቱ ጉልቱን አልተወችም፤ ጥበበኛ ሴት ናት።

ሐምሌ ላይ ታናሽ እህቴ ተመረቀች። ቀሚሷን የሰፋው ጋሼ ነው። ከድግሱ ቀደም ብዬ በዋዜማው ደብረ ብርሃን ገባሁና ሱቁ ጎራ አልኩ። እንደ ልጅ «ና ና፣ ና እስቲ እይ» አለኝ። መርፌዋን በግራ እጁ፣ ክሩን በቀኝ ያዘ። ጫፉን በምራቁ አርሶ፣ አንዴ ብቻ ሞክሮ፣ ሹልክ። ቀና ብሎ አየኝ። «ሥራህን ቀማሁህ» አለኝ። ሳቅን።

በማግሥቱ እኔ ገደልኩት።

ማጋነን አይደለም። ወይም ማጋነን ከሆነ ሌላ ቃል ስጡኝ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ከአዲስ አበባ ውስኪ ይዤ መጥቻለሁ፤ የሰው አገር ደመወዝተኛ ሆኜ መታየት አለብኝ። ሞቅ ብሎኛል። ጋሼ ጥግ ላይ ለስላሳ ይዞ ተቀምጧል። ሁሉም ብርጭቆ ሲያነሣ የሱ ሚሪንዳ ዓይኔን ወጋኝ። ቀዳሁና ሄድኩ። «ጋሼ፣ ለእህቴ! አንድ ብቻ።»

«ተወኝ ልጄ» አለኝ።

«በሞቴ!»

«ተው፣ ታውቃለህ አይደል?»

«በሞቴ ስልህ! አንድ ብቻ!»

ሰው ዞሮ አየን። «አረ ጋሼ፣ ልጁ እየለመነህ!» አለ አንዱ። «የደስታ ቀን አይደል እንዴ» አለች ሌላዋ። ጋሼ ብርጭቆውን አየው። እኔን አየኝ። በዚያ ፊት ላይ የነበረውን ነገር ያን ቀን ትሕትና ነው ያልኩት። ተቀበለኝ።

በሞቴ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ካልተቀበልከኝ እኔ ልሙት ማለት ነው። ጉርሻ ስናጎርስ እንለዋለን። እንጀራ ስንጨምር እንለዋለን። በእኛ ቤት የመጀመሪያው «አይ» አይ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ሁለተኛውም ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ላይ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ሰጪውም ያሸንፋል፤ ሁላችንም ደስ ይለናል። ደግ ባህል ነው፣ እወደዋለሁ፤ የተራበ ሰው ሳያፍር የሚበላው በዚያ ነው። ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ የእውነት «አይ» ማለት የሚፈልግ ሰው በምን ቋንቋ ይናገር? ጋሼ ሁለት ጊዜ ነገረኝ። እኔ የሰማሁት ገና ሁለት ጊዜ መሆኑን ነው።

ያን ቀን አንድ ጠጣ። በማግሥቱ ምንም። «አየህ፣ ምንም አይልም» አልኩ በልቤ። በሳምንቱ ቢራ ይዞ ታየ። ነሐሴ ሳይወጣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ሻይ ልጠጣ» ማለት ጀመረ።

የቀሩትን ዓመታት አላስረዝማቸውም። እግሩ አበጠ። ሆዱ ውሃ ቋጠረ፤ በመርፌ ይቀዱለታል፣ ይመለሳል። ዓይኑ ነጩ ቢጫ ሆነ። ጉበት ሲጠነክር ደም መሄጃ ያጣና የጉሮሮን ደም ሥሮች ይወጥራቸዋል፤ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ጥቅምት 2012 አንድ ሌሊት ደም አስመልሶት ሲነጋ አረፈ። 51 ዓመቱ ነበር። ልጁ ከቨርጂኒያ ለቀብር አልደረሰችም። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ መጣች፤ ሱቁን ከፍታ ሲንጀሩን ዘይት ቀባችው።

አርባው ላይ ተዝካር ተደገሰ። ጠላ ተጠመቀ። አረቄም ቀረበ፤ ያለሱ ምን ተዝካር አለ? አንድ የሰፈር ሰው ትሪ ይዞ እኔ ዘንድ ሲደርስ «በሞቴ፣ ለነፍሱ» አለኝ። ብዙዎቻችሁ እምቢ አለ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ተቀበልኩት። ጠጣሁት። ያቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀኑን እንኳ አላስታውሰውም። አንድ ቀን አልጠጣሁም፣ በማግሥቱም አልጠጣሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2019 ብቻ በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ይላል። በሌሎች አደንዛዥ ዕፆች ደግሞ 600 ሺህ። ቁጥሩን ሳየው አይጨበጥልኝም። እነዚህ ሰዎች ስንት በሞቴ ተብለው ይሆን እላለሁ። እኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወርዷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ተከልክሏል። ጥሩ አደረጉ። ልጆቻችን ከኳስ ጨዋታ እኩል የቢራ ዘፈን እየዘመሩ ከማደግ ተርፈዋል። ሆኖም ጋሼን የቀጠፈው አረቄ ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም። እኔ ነበርኩ ማስታወቂያው። መታወቂያ የሚጠይቅ አረቄ ቤትም እስካሁን አላየሁም።

ዕድሜ ልኬን የምመኘው ትልቅ ተቋም አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታልን የመሰሉ ቦታዎች አሉን፤ አይበቁም፣ ግን አሉ። የሰፈር ጤና ጣቢያ ገብቶ «እጄ ጠዋት ይንቀጠቀጣል» ማለት እንደ ደም ግፊት የማያሳፍር ቢሆን ይበቃኝ ነበር። ጋሼ በሃያ ዓመት ውስጥ ለማንም ሐኪም አልተናገረም። ለእኔ ተናግሯል፤ በየጠዋቱ፣ መርፌ እየዘረጋ።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ቤት ነበርን። የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ መጣ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቴ ትሪውን ይዛ ደረሰች። «አልጠጣም እማማ» አለ ልጁ፣ አንገቱን ደፍቶ። እናቴ አፏን ከፈተች። «በሞ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ቀጥ አለች። ትሪውን እንደያዘች ልጁን ለረዥም ጊዜ አየችው። እህቴም አየቻት፣ እኔም።

ከዚያ ዞራ ወደ ጓዳ ገባች። ብርዝ በትልቅ ብርሌ ሞልታ መጣች። «ይሄ ማር ብቻ ነው፣ ያልፈላ ነው» አለችው። ልጁ አመስግኖ ጠጣ። ሁለተኛ ቀዳችለት። «በቃኝ እማማ» አለ።

«በሞቴ!» አለችው።

አራት ብርሌ አስጠጣችው። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ የጠየቀኝ ገና ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ ነው።